«ኦፍ» ማለት ማጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር

ይህን ለመጻፍ የቻልኩት እናቴ ስለተረፈች ነው። ባትተርፍ ኖሮ ስለ እንግሊዝኛ ግስ ለማውራት አንደበት አይኖረኝም ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። እንግዳ ሲበዛ ደግሞ በጀልባ ወደ ዘጌ ይዤ እሄዳለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አስጎበኛለሁ፤ በቡናው ጫካ ውስጥ እያዞርኩ አሳያለሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃል። ቤታችን ውስጥ ግን ከበቂም በላይ ተደርጎ ነው የሚታየው። የዲቪ ፎርም ሲሞላ፣ ስልክ ላይ ግራ የሚያጋባ መልእክት ሲገባ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣ ሁሉም ወደ እኔ ነው። «እሱ ያውቀዋል» ይባላል። እኔም «አላውቅም» ብዬ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከነፋስ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣና ብዙ ጊዜ ይተኛል። ማዕበሉ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ግን ከማለዳው ጀምሮ ይነፍስ ነበር። ዘጌ ሊሄዱ የተዘጋጁ ባልና ሚስት እንግዶች ሪሴፕሽን መጥተው ቆሙ። ሴትየዋ በመስኮት ሐይቁን እያየች «ዊል ዘ ዊንድ ሌት አፕ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አፕ» ማለት ወደ ላይ ነው። ስለዚህ «ነፋሱ ገና ይነሳል ወይ?» ያለችኝ መሰለኝ። ላረጋጋት ፈልጌ በፈገግታ «ኖ፣ ኖ፣ ኢት ዎንት» አልኳት። እርስ በርስ ተያዩና አመስግነውኝ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ጉዞውንም ተዉት።

«ሌት አፕ» ማለት ግን ጋብ ማለት ነው። የጠየቀችኝ «ነፋሱ ጋብ ይላል?» ብላ ነበር። እኔ ደግሞ «በጭራሽ፣ አይልም» ብዬ መለስኩላት። ጀልባ ነጂው ጋሼ ነዳጅ ሞልቶ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀ። አምስት ሰዓት ላይ ነፋሱ አርፎ ሐይቁ ለጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። «ምን ብለህ ነው የመለስካቸው ልጄ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። የቀን ገቢው ቀረበት። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሲገባኝ ደግሞ «አንድ ቃል ናት፣ ተምሬያታለሁ» ብዬ አለፍኩት። ዋናው ስህተቴ ይህ ነው። አንድ ቃል አልነበረችም። ሙሉ የቃላት ቤተሰብ ነበር። እኔ ያየሁት ከዚያ ውስጥ አንዷን ብቻ ነው።

እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ጣቶቿና ጉልበቷ አብጠው ሌሊት እንቅልፍ ይነሷት ነበር። ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት አዘዙላትና ለወራት ወሰደች። እብጠቱ ጎደለ። ቡና ራሷ ማፍላት ጀመረች። አንድ ቀን በነሐሴ ቀጠሮዋ ደረሰና ከእህቴ ጋር ሄደች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ስገባ ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ከላይ ስሟ፣ ከታች የሐኪሙ ፊርማ። መሀል ላይ «ቴፐር ኦፍ ፕሬድኒሶሎን» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ጽሑፍ ሊነበብ አልቻለም።

«ቴፐር» የሚለውን አላውቀውም ነበር። «ኦፍ» ግን አውቃለሁ። ኦፍ ስል የሚታየኝ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ቀጭ ሲል ጨለማ። «እማዬ፣ መድኃኒቱን አቁሚ ብለውሻል» አልኳት።

እሷ ትንሽ ዝም አለችና «ቀነስ ቀነስ እያደረግሽ ያሉኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ወረቀቱ ላይ ኦፍ ነው የሚለው» አልኩ። ብልቃጡን አንስቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለት ቀን ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ቀን ድካም አለች። በአራተኛው ምግብ አስጠላት፣ አስመለሳት። ብርድ ይሆናል፣ ክረምት ነው አልን። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ለኪዳን ልትነሳ ስትል አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ለመልበስ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ወደ ጎን ወደቀች። ጎረቤት ተጠራ። ዝናቡ አላቆመም፤ ባጃጅ በስንት መከራ ተገኘ። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ነበር። ፊቷ ቀዝቃዛ ላብ አውጥቶ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘን ሐኪም ግፊቷን ለካና ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀን። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበና ቀና ብሎ «መቼ ነው ያቆመችው?» አለኝ። «ከአምስት ቀን በፊት» አልኩ። «በአንድ ጊዜ?» «አዎ፣ ኦፍ ስለሚል»። አልተቆጣኝም። «ወንድሜ፣ ቀስ በቀስ ቀንሱ ነው የሚለው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ኋላ ተረጋግቶ አስረዳኝ። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ሰውነት በየቀኑ የሚያስፈልገውን ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚያ ሆርሞን ዘመድ ነው። መድኃኒቱ ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰድ እጢዎቹ ሥራቸውን ይተዋሉ። ድንገት ሲቋረጥ ከውጭ የሚመጣው የለም፤ ከውስጥ የሚመረተውም ገና አልተነሳም። ግፊት ይወርዳል፣ ያስመልሳል፣ አቅም ይከዳል። ሰው ሊሞት ይችላል። ቀስ በቀስ የሚቀነሰው እጢዎቹ እስኪነቁ ጊዜ ለመስጠት ነው።

ግሉኮስ ተተከለላት፣ ሆርሞኑ በመርፌ ተሰጣት። ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ አንድ ማታ ቡና እየጠጣን፣ ቂም በሌለው ድምፅ «እኔስ ሰምቻቸው ነበር፤ አንተ ታውቃለህ ብዬ ተውኩት እንጂ» አለችኝ። ከሆነው ሁሉ እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው ይህ ነው። ሐኪሙ በአማርኛ በትክክል ነግሯታል። በትክክልም ሰምታለች። እኔ ነኝ በግማሽ እንግሊዝኛ የሻርኩባት።

ስለዚህ ወደ ቋንቋው ከመሄዴ በፊት እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። የመድኃኒት ወረቀት ላይ ያልገባችሁ አንዲት ቃል ካለች አትገምቱ። ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲው ተመለሱ። «በዚህ ሳምንት በቀን ስንት ፍሬ? በሚቀጥለውስ?» ብላችሁ በቁጥር አጽፉ። የታመመው ሰው «እንዲህ ነው ያሉኝ» ካለ ደግሞ ቃሉን እንደ ማስረጃ ቁጠሩት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። በሰፈር «እኔም ወስጄው ነበር፣ እንዲህ አድርጌ ነው ያቆምኩት» የሚላችሁን አትስሙ። አቀናነሱ እንደ ሰውየው፣ እንደ መጠኑና እንደ ጊዜው ይለያያል።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ልማር ተነሳሁ። አነሳሴ ግን ትክክል አልነበረም። ስልኬ ላይ የፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም እንደ «ሌት አፕ» ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምረው ሌላ ትርጉም የሚይዙ ግሶች፣ ዝርዝር አወረድኩ፤ ሁለት መቶ የሚሆኑ ነበሩ። መቀነስን የሚመለከቱትን መርጬ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ዳይ ዳውን፦ ቀነሰ። ዌር ኦፍ፦ ቀነሰ። ቴይል ኦፍ፦ ቀነሰ። ሌት አፕ፦ ቀነሰ። ፒተር አውት፦ ቀነሰ። ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቃል ተሞላ። በየማታው እየደጋገምኩ ሸመደድኩ። በሳምንቱ የትኛው የት እንደሚገባ አንዱንም ማስታወስ አልቻልኩም።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ። ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩና ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ዝናቡ ሲቀንስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ጋብ አለ።»

«ፍሙስ?»

«በረደ።»

«ጥርስህን ስትነቀል የተወጋኸው ማደንዘዣ?»

«ለቀቀኝ።»

«ምንጩ?»

«ነጠፈ።»

«የጨርቁ ቀለም?»

«ደበዘዘ።»

«አየህ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለህ። እንግሊዞቹም እንደዚሁ ናቸው። አንተ ግን ሀብትህን ሁሉ ትተህ በአንድ ቀነሰ ልትገበያይ መጣህ።»

የመዞሪያው ነጥብ ይህ ነበር። ከዚያ ተነስተው መሶብ ወንበሩ አጠገብ ካለች ሳጥን ውስጥ አንድ ጧፍ አወጡ። ለቤተ ክርስቲያን የሚበራው ያው ቀጭን፣ በሰም የተነከረ ክር። «ቴፐር ማለት ይህ ነው» አሉኝ። አላመንኳቸውም። መዝገበ ቃላታቸውን ገልጠው አሳዩኝ። በእውነትም በእንግሊዝኛ «ቴፐር» የሚለው ስም ቀጭን ሻማ፣ ጧፍ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛም ሻማ ማለት ነበር። ግሱ የመጣው ከቅርጹ ነው። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነገር ሁሉ «ቴፐር» ያደርጋል ይባላል። «ቴፐር ኦፍ» ደግሞ እየቀጠነ ሄዶ ማለቅ ነው።

እናቴ በየእሑዱ ጧፍ ታበራለች። የእኔ ማብሪያ ማጥፊያ ከዚያ ቃል ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም።

አሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። እንደ መጽሐፍ ቅደም ተከተል ሳይሆን እኔን በጎዳኝና በጠቀመኝ ልክ ነው።

መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ነው የቀነሰው?» ብዬ ነው። አማርኛው ቀነሰ ሁለት ፊት አለው። «ዋጋው ቀነሰ» እንላለን፣ «ዋጋውን ቀነሰ» እንላለን። በእንግሊዝኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ይለያያሉ። ነገሩ በራሱ ሲቀንስ አንድ ቃል፣ ሰው አስቦ ሲቀንሰው ሌላ ቃል። ይህ የገባኝ ጢስ ዓባይ ላይ ነው። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መስከረም ላይ ብትሄዱ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ ጥቁሩን ድንጋይ ነው የምታዩት። አንድ እንግዳ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃው በራሱ እየሳሳ መሄዱ ነው፤ ይህ «ቴይል ኦፍ» ነው። «ቴይል» ጅራት ነው። ወደ ጅራቱ እየቀጠነ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሰው ሥራ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከሐይቁ ወስዶ ወደ በለስ ይለቀዋል። ወደ ፏፏቴው የሚሄደው ያን ያህል ተቀንሷል። ሰው አስቦ ሲቀንስ «ከት ባክ» ወይም «ከት ዳውን ኦን» ነው። ለእንግዳው ሁለቱን ለይቼ ነገርኩት። በአንድ «ቀነሰ» ብቻ ብናገር ኖሮ ግማሹን እውነት ነበር የምነግረው።

«ከት ዳውን ኦን» በሐኪም አፍ ብዙ ትሰሟታላችሁ። ጨው ቀንሱ፣ ስኳር ቀንሱ፣ ቅባት ቀንሱ። መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «ኦን» አትርሱ። እኔ ብዙ ጊዜ እጥላት ነበር። ደግሞ ቀንሱ ማለት ነው እንጂ ተዉ ማለት አይደለም። ተዉ ሲሉ «ከት አውት» ይላሉ። በአንዲት ትንሽ ቃል ሽሮው ጨው ይኖረዋል ወይ አይኖረውም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «እስከ የት ነው የሚቀንሰው?» የሚል ነው። እዚህ ላይ የ«ዳይ» ቤተሰብ በደንብ ያስተምራል። «ዳይ» ሞት ነው ብላችሁ ሁሉንም በሞት አትተርጉሙ። «ዳይ ዳውን» ሲሉ ነገሩ ይበርዳል፣ ይረግባል፤ ግን አልጠፋም። ቡና የተፈላበትን ከሰል አስቡ። ነበልባሉ ይወርዳል፣ አመድ ይለብሳል፣ እፍ ቢሉት ግን ይነሳል። ነፋስ፣ ጫጫታ፣ ወሬ፣ ቁጣ በዚህ ይነገራል። «ዳይ አውት» ግን ጨርሶ መጥፋት ነው። የደንገል ታንኳ ሥራ ወጣቱ ሳይማረው ቢቀርና የሚያውቁት ሁሉ ቢያልፉ የሚባለው ይህ ነው። እንግዶች ስለ ታንኳው ሲጠይቁኝ «ዳይ ዳውን» ብዬ ነበር የምናገረው፤ እሳት የማወራ ነበር የሚመስለው። «ዳይ ኦፍ» ደግሞ አንድ በአንድ እያሉ ማለቅ ነው። በድርቅ «ከብቱ አለቀ» ስንል ያለው ነው።

ከሁሉም የምወደው «ዳይ አዌይ»ን ነው። ለድምፅ ነው። የያዝኩትም ሐይቁ ዳር ቆሜ ነው። ማለዳ ጀልባ ወደ ዘጌ ሲነሳ ሞተሩ መጀመሪያ ጆሮ ይሞላል። ከዚያ እየራቀ፣ እየሰለለ ይሄዳል። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ የሰማችሁት ሞተሩ ይሁን ትዝታው አታውቁም። ከዚያ ውኃው ብቻ ይቀራል። ጀልባው አልጠፋም፣ ሞተሩም አልቆመም፤ ለእናንተ ጆሮ ነው የጠፋው። «አዌይ» መራቅን ታሳያለች። ሰው እያወራ ድምፁ ሲሰልልና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሲቀር ደግሞ «ትሬይል ኦፍ» ይሉታል። እናቴ «አንተ ታውቃለህ ብዬ...» ብላ ልታቆም ስትል እንደነበረው።

«ዌር ኦፍ» ለማደንዘዣ፣ ለማስታገሻ፣ ለቡና ንቃት፣ ለአዲስ ነገር ጉጉት ነው። ሥራውን ሲሠራ የቆየ ነገር ኃይሉ ሲለቅ። «ዌር አውት» ከምትባለው ጋር አታምታቷት። እሷ ጫማ ሲያልቅ፣ ሰው ሲዝል ነው። ሕመም ሲቀንስ ደግሞ «ዌር ኦፍ» ማለት ቢቻልም «ኢዝ ኦፍ» ይሻላል፤ ለዘብ አለ እንደማለት ነው። እብጠት «ጎ ዳውን» ነው። ትኩሳትም እንደዚሁ።

«ፒተር አውት» የምትባለዋ የመጣችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ማዕድን ቆፋሪዎች ነው። ወርቅ ወይም ብር ያለበትን መስመር ተከትለው ሲቆፍሩ መስመሩ እየቀጠነ ሄዶ ባዶ ድንጋይ ላይ ሲጥላቸው እንዲህ ይሉ ነበር። ተመናምኖ ቀረ። መንገድ ወደ እግር መንገድ፣ የእግር መንገድ ወደ ሣር ሲለወጥም ይባላል። ዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ከዋናው መንገድ የወጣ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ብዙ ሰው አንድ ነገር ሞቅ ባለ ስሜት ጀምሮ እየተንጠባጠበ ሲቀርም እንዲሁ ነው። ሁለት ሦስት ዕቁቦችን አስታወሰኝ።

«ድሮፕ ኦፍ» ሦስት ሥራ አላት፤ ተጠንቀቁ። ባጃጅ ሰው ሲያወርድ፣ ሰው ሸለብ ሲያደርገው፣ ቁጥር ሲያሽቆለቁል። ባለፉት ዓመታት ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ሲሳሳ ይህችን ቃል በየሪፖርቱ እጽፋት ነበር። «ዋይንድ ዳውን» ደግሞ ሥራን እየሰበሰቡ ወደ መዝጋት መሄድ ነው፤ ቁልፉ እያለቀ እንደሚሄድ የድሮ ሰዓት። «ሌቭል ኦፍ» የምትባለዋ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያለች ትመስላለች፤ አይደለችም። ሲወጣ ወይም ሲወርድ የነበረ ነገር ረጋ ማለት ነው። የሽንኩርት ዋጋ «ሌቭል ኦፍ» አደረገ ቢባል ቀነሰ ብላችሁ ወደ ገበያ አትሩጡ።

ከዚህ ሁሉ ትንንሾቹን ቃላት እንዴት እንደማያቸው ገባኝ። «አፕ» ሁልጊዜ ወደ ላይ አይደለም። «ኦፍ» ሁልጊዜ ማጥፋት አይደለም። ብቻቸውን አይነበቡም። እንደ አማርኛው «አለ» ናቸው። «ዝም አለ» ውስጥ «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ብሎ የሚከራከር የውጭ ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን? «ጋብ አለ» ውስጥስ? እኔ በ«ኦፍ» ላይ ያደረግሁት ልክ እንደዚያ ነው።

ሌላ የጠቀመኝ ነገር «እየ» ናት። «ነፋሱ እየበረደ ነው» ስንል በዝግታ መሆኑ ይታወቃል። እንግሊዝኛውም «ዘ ዊንድ ኢዝ ዳይንግ ዳውን» ሲል ያው ዝግታ አለበት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ስሠራ መጀመሪያ በአማርኛ በ«እየ» አስበዋለሁ። ካልሄደልኝ ድንገተኛ ነገር ነው ማለት ነው፤ ሌላ ቃል እፈልጋለሁ። ደግሞም «ቀነስ አለ»፣ «በረድ አለ»፣ «ረገብ አለ» የምንላቸው ላይ ትንሽ ማለት አለበት። «ቀነስ ቀነስ» ስንል ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። እናቴ ያለችኝ ቃል ይህ ነበር። ከ«ቴፐር ኦፍ» ጋር ከዚህ የሚቀርብ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አንድ የሰዋስው ስህተት ብቻ ልንገራችሁና ይህን ክፍል ልዝጋ። «ዳይ ዳውን»፣ «ፒተር አውት»፣ «ዌር ኦፍ» በዚህ ትርጉማቸው ተሳቢ አይወስዱም። ነፋሱን ማንም «ዳይ ዳውን» አያደርገውም። «ዘ ዊንድ ዎዝ ዳይድ ዳውን» ብዬ ለስንት ጊዜ ጻፍኩ። «ዘ ዊንድ ዳይድ ዳውን» ብቻ ነው። «ቴፐር ኦፍ» ግን ሁለቱንም ትችላለች። ዝናቡ በራሱ መስከረም ላይ «ቴፐር ኦፍ» ያደርጋል። ሐኪምም መድኃኒቱን «ቴፐር ኦፍ» ያደርጋል።

ስለ አጠናን ዘዴ ብዙ የምለው የለኝም። ዝርዝር አልሸመድድም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቃል እይዛለሁ፤ ያንን ቃል ነገሩ ሲቀንስ እያየሁ እለዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ዝናቡን ሳይ፣ ከሰል ሲበርድ ሳይ፣ ጀልባ ሲርቅ ስሰማ። ደብተሬ ላይ ከእንግሊዝኛው ፊት ለፊት የምጽፈው ፍቺ ሳይሆን ነገሩን ነው። «ዳይ ዳውን፦ የእማዬ ከሰል።» «ሌት አፕ፦ የጋሼ ነፋስ።» እነዚህ አይጠፉብኝም። እናንተም የራሳችሁን ፈልጉ። የእኔን ብትሸመድዱት መልሶ ዝርዝር ነው የሚሆንባችሁ።

እናቴን በተመለከተ፣ ሐኪሙ መድኃኒቷን እንደገና አስጀመራትና አቀናነሱን በቁጥር ጻፈልን። እኔ በትልቅ ወረቀት በአማርኛ ገልብጬ ግድግዳው ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ሥዕል ጎን ለጠፍኩት። እያንዳንዱ ፍሬ 5 ሚሊ ግራም ነው። በየሳምንቱ ስንት ፍሬ እንደሆነ ተጽፏል። ማታ ማታ እሷ ራሷ በእርሳስ ምልክት ታደርግበት ነበር። ወደ መጨረሻው አካባቢ ግማሽ ፍሬ ላይ ስትደርስ ምላጭ አምጣልኝ አለችኝና በጥንቃቄ ቆረጠቻት። ግማሿን በጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አሳየችኝ። «ይህችም ታልቃለች?» አለች። «ትቀጥናለች፣ ከዚያ ታልቃለች» አልኳት።

ወረቀት አሁንም ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ የባለቤታቸውን የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ መድኃኒት ላይ «ዲስኮንቲኒዩ» ይላል። ይህች ቃል በእርግጥ ማቆም ናት፤ ጧፍ የለባትም። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ያለውን የክሊኒክ ስልክ አነሳሁና እሳቸው ፊት ደወልኩ። እስኪያነሱ ድረስ እትዬ ቡና ቀዱልኝ።